የጎንደር ነጋዴ ዳታ አለው፣ ጎተራ ግን የለውም

ባለፈው ጥር አንድ ጅምላ አከፋፋይ ቢሮ ተቀምጬ ነበር። ሦስት ሱቅ አላቸው፤ አንዱ ፒያሳ፣ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ቅዳሜ ገበያ። ጥምቀት ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ከተማው በእንግዳ ጢም ብሏል። የአዘዞዋ ሻጭ ደወለች። «ጋሼ፣ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት አልቋል፤ ሰው እየተመለሰብኝ ነው» አለች። ባለቤቱ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ሒሳብ ሠራተኛቸው ዞረው «ፒያሳ መጋዘን ስንት አለን?» አሉት። እሱ ኮምፒውተሩን አላየም። ሌላ ስልክ አንስቶ ለመጋዘን ጠባቂው ደወለ። ቆጥሮ እስኪመልስ 40 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ዘይቱ ነበር፣ ያውም ብዙ። አዘዞ ሲደርስ ግን መሽቷል፣ ገዢውም ሌላ ሱቅ ሄዷል።

ሥራዬ ዳታ ማደራጀት ስለሆነ ነገሩ ከነከነኝ። እዚህ ቤት ዳታ የለም ማለት አይቻልም። ካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ በቆረጠ ቁጥር ይመዘግባል። ለሒሳቡ ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር አለ። ሦስቱም ሱቆች ማታ ማታ ኤክሴል በቴሌግራም ይልካሉ። የቴሌብር ዝርዝር አለ፣ የባንክ ዝውውር አለ፣ የዱቤ ደብተርም አለ። ሁሉም አለ፤ እርስ በርሱ ግን አይተዋወቅም።

ገበሬ እህሉን በየማሳው በትኖ አይከርምም። ወቅቶ፣ አበጥሮ ጎተራ ያስገባል። ዘመናዊ የዳታ ፕላትፎርም የሚባለውም ይኸው ነው። ከካሽ ሬጅስተሩ፣ ከኤክሴሉ፣ ከባንኩ የሚመጣውን በየሰዓቱ ወይም በየቀኑ ይሰበስባል፣ ያበጥራል፣ አንድ ቦታ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሻጯም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ ባለቤቱም ከአንድ ጎተራ ይቀዳሉ። ስኖውፍሌክ፣ ዳታብሪክስ፣ የጉግሉ ቢግኩዌሪ በዓለም ላይ የታወቁት ናቸው። ከድሮው ዳታቤዝ የሚለዩበት አንዱ ነገር ዳታውን በዓምድ በዓምድ ማስቀመጣቸው ነው። የአምስት ዓመት የዘይት ሽያጭ ደምር ስትለው የደንበኛውን ስምና አድራሻ ሁሉ አያገላብጥም፤ የሚፈልጋቸውን ጥቂት ዓምዶች ብቻ አንብቦ ይመልሳል። ሌላው ማከማቻውና የኮምፒውተሩ የማስላት ጉልበት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ዳታው ባለበት ይቀመጣል፤ ጉልበቱን ሥራ ሲበዛ ትጨምራለህ፣ ሲቀንስ ትቀንሳለህ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ይህን ሁሉ ገዝተህ ብታስገባ እንኳ እኛ አገር መጀመሪያ የሚያስቸግርህ ፊደሉ ነው።

የዚያን ድርጅት የደንበኞች ዝርዝር ስከፍት አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት። አንዱ ጋ ኃይሌ፣ ሌላው ጋ ሀይሌ፣ ሦስተኛው ጋ ሃይሌ። ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ሦስት ሰው ነው። ስለዚህ ዱቤውም ለሦስት ተከፍሏል። ሦስቱም ሱቆች እዳው ትንሽ ነው ብለው ይሰጡታል፤ ሲደመር ትንሽ አልነበረም። ስልክ ቁጥሩም እንደዚያው ነው። አንዱ ጋ በ09 ይጀምራል፣ አንዱ ጋ በ+251፣ ሌላው ጋ ኤክሴል የፊቷን ዜሮ ቆርጦ ጥሏታል። ዘይቱ ራሱ አራት ስም ነበረው፤ «ዘይት 5ሊ»፣ «ዘይት ባለ አምስት»፣ «ባለ 5 ሊትር»፣ እና በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፕላትፎርሙ ሲያበጥር ሀን፣ ሃን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ለማመሳከሪያ ብቻ ወደ አንድ ያመጣቸዋል። ሰውየው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል ግን እንዳለ ይቀመጥለታል፤ ስም ክብር ነው። ይህን ሕግ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማውጣት አለበት። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ፀሐይና ጸሃይ አንድ እህታችን መሆኗን በራሱ ያውቃል ብዬ አልጠብቅም።

ሁለተኛው ጣጣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ2017 የካቲት ላይ የዘይት ሽያጭ ጨመረ። ባለቤቱ ከ2016 የካቲት ጋር አወዳድረው «ገበያው አድጓል» ብለው ብዙ አዘዙ። ግን በ2016 ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነው፤ በ2017 ደግሞ የካቲት 17። በ2017ቱ የካቲት ውስጥ 14 የዐቢይ ጾም ቀን ነበር፣ በ2016ቱ ግን አንድም አልነበረም። ጎንደር ላይ ጾም ሲገባ ቅቤው ይቀራል፣ ዘይቱ ይፈለጋል። ያደገው ገበያው ሳይሆን ጾሙ ቀድሞ ነው። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። ጎተራው ውስጥ ጾሙን፣ በዓሉንና የገበያ ቀኑን የያዘ አንድ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ብታስገባ የጾም ሳምንት ከጾም ሳምንት ጋር ይወዳደራል። አንድ ሰው በሁለት ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ለእኔ ከማንኛውም የሚያምር ዳሽቦርድ፣ ማለትም ቁጥሩን በሥዕል ከሚያሳይ ገጽ፣ ይበልጣል።

ወጪው እንዴት ነው የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የትልልቆቹ ኪራይ በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ሒሳብ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን ማንም አልረሳውም። ስለዚህ ለሦስት ሱቅ ነጋዴ ስኖውፍሌክ ግዛ አልልም። በነጻ የሚገኙት ፖስትግሬስ (ዳታውን የሚያስቀምጠው) እና ሜታቤዝ (ከዚያ ሪፖርት የሚያወጣው) በአንድ ደህና ኮምፒውተር ላይ ይበቁታል። ሱቆቹ ኔትወርክ ሲጠፋ እዚያው እየመዘገቡ፣ ሲመጣ የሚልኩበት መንገድ ግን የግድ ያስፈልጋል። «ሲስተም የለም» ተብሎ ደንበኛ የሚመለስ ከሆነ የድሮው ደብተር በስንት ጣዕሙ።

አንድ ነገር ላንሳ። ዳታ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ኃላፊነቱም አብሮ ይሰበሰባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኛን ስልክና ዱቤ ሻጩ ሁሉ እንዲያየው ማድረግ፣ በፍላሽ ይዞ መዞር፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣል መቅረት አለበት። ማን ምን ያያል የሚለው ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን።

እኛ ከዘይት ነው የጀመርነው። ሌላውን ሁሉ ትተን አራቱን ስም አንድ አደረግን፣ ከዚያ ስኳሩን፣ ከዚያ ዱቄቱን። ሒሳብ ሠራተኛው በመጀመሪያው ሳምንት ተማርሮ ነበር፤ ማታ ማታ ሦስት ኤክሴል መገልበጥ ሲቀርለት ራሱ «ሳሙናውስ መቼ ነው?» ማለት ጀመረ። አሁን የአዘዞዋ ልጅ የፒያሳን መጋዘን ስልኳ ላይ ታያለች። ቁጥሩ ሲያንስ ሳታስደውል በባጃጅ ታስመጣለች። ባለቤቱ ደግሞ ለመጪው ጥምቀት የአዘዞን ዘይት በታኅሣሥ መጨረሻ አስቀድመው ለመላክ ወስነዋል፤ ስንት ካርቶን እንደሚሆንም ቁጥሩን አውጥተው ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል።