«ዳግማዊ» ለንጉሥ፣ «ደጋሚ» ለተማሪ

ባለፈው ሳምንት እናቴ ቤት ቡና እየጠጣን ቴሌቪዥን እናያለን። አንድ የትምህርት ባለሙያ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ያወራሉ። «ልጆቻችን የሚወድቁት ከቄስ ትምህርት ቤት በወረስነው ሽምደዳ ነው፤ እንደ በቀቀን መድገም እንጂ ማሰብ አላስተማርናቸውም» አሉ። አወያዩ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ስኒዬን አስቀመጥኩ።

ቆይ፣ የትኛው ልጅ ነው ቄስ ትምህርት ቤት የገባው? በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። እነዚህ ሁሉ ዳዊት ሲደግሙ ያደጉ ናቸው? አብዛኞቹ የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ፈተናውም እኮ ምርጫ ነው፤ መልሱ እዚያው ወረቀቱ ላይ አለ። እውነት ሸምድደው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው ይወድቅ ነበር? እንዲያውም የጎደላቸው ሽምደዳው ነው ብል ማን ይከራከረኛል?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የቃሉ አጠቃቀም ነው። አማርኛችን ለመደጋገም ማዕረግም ስድብም አለው። ንጉሥ ሲሆን «ዳግማዊ ምኒልክ» ነው። በዓል ሲሆን «ዳግም ትንሣኤ»። ተማሪ ሲሆን «ደጋሚ»፣ ጎረቤት የሚሳሳቅበት። ሰውየው ጓዳ ገብቶ ሲያነበንብ ደግሞ «ድግምት»። ሁሉም «ደገመ» ከሚል አንድ ግስ የወጡ ናቸው። «የዘወትር» ካልነው ጸሎት ይሆናል፤ «ዘልማዳዊ» ካልነው በየስብሰባው ይወገዛል፤ «ሩቲን» ካልነው ደሞዙ ያንሳል።

አትሌት እንጦጦ ላይ ያንኑ ዳገት በየማለዳው ሲመላለስበት ልምምድ ይባላል። ወታደር ያንኑ ርምጃ ሲረግጥ ሥልጠና ነው። ባንድ አንዱን ዘፈን አርባ ጊዜ ሲጫወት ጥናት ነው። ሐኪም ያንኑ ስፌት ሺህ ጊዜ ሲሰፋ ልምድ ያለው ይባላል፤ እሱን ፈልገን ወረፋ እንይዛለን። ቆሎ ተማሪ ያንኑ ቀለም ሲቀጽል ግን «ሽምደዳ»! ምነው? ደበሎ ስለለበሰ?

አያቴ ነፍሳቸውን ይማረውና ማለዳ ማለዳ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ዳዊት 15 ንጉሥ ነው፤ አንዱ ንጉሥ አሥር መዝሙር። በቃላቸው ያውቁታል፤ ግን መጽሐፉን ይገልጣሉ። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ላይ ቆም ይሉና መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ይላሉ። ስንት ሺህ ጊዜ ያለፉበት መስመር ነው። በዚያች ማለዳ ግን የሆነ ነገር አዩበት። በቀቀን እንዲህ ያደርጋል? (በነገራችን ላይ ግንባሩ ቢጫ የሆነው የኛው በቀቀን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። ጫካው ውስጥ የማንንም ንግግር አይደግምም። ስሙን ያጠፋነው እኛው ነን።)

ትልቁ ነገር ደግሞ ቅኔ ቤት ነው። ባለሙያው ይህን ቢያስታውሱ ኖሮ አፋቸውን ይይዙ ነበር። ያ «በቀቀን» የተባለው ልጅ ፊደል ይቆጥራል። ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ ይላል። ዳዊቱን ይደግማል። ከዚያ ቅኔ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ምንድን ነው? የተባለውን መድገም ነውር የሆነበት ቤት! ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ልጁ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ግሱንና አገባቡን በቃሉ ይዞ፣ አንድ ጥግ ተቀምጦ፣ ማንም ያላለውን ሰምና ወርቅ ይዞ ይመጣል። የጓደኛውን ቅኔ ሰርቆ መምህሩ ፊት የሚቆም ካለ ጉዱን ያየዋል። እስቲ የትኛው ዩኒቨርሲቲያችን ነው ተማሪውን «ማንም ያላለውን ይዘህ ና» የሚለው? የመመረቂያ ጽሑፍ በኮፒ ፔስት የሚሞላበት አገር ላይ ቆመን ቅኔ ቤትን ስለ ፈጠራ ልናስተምር? ያ ልጅ የሚፈጥረው እኮ ቀለሙ ውስጡ ስላለ ነው። ቡሃቃው ባዶ ከሆነ ምን ይጋገራል?

ወሎ ውስጥ ለውህ (የእንጨት ሰሌዳ) ይዞ ቁርኣን የሚቀራው ደረሳም እንዲሁ ነው። 114ቱን ሱራ በቃሉ ይይዝና ተፍሲር ይቀጥላል። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደግሞ አንድምታ አለ። በሁለቱም ቤት መጀመሪያ ቃሉ ይያዛል፣ ትርጓሜው ይከተላል።

እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። ባዶ ሽምደዳ አለ። እኔም ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ የፎቶሲንተሲስን ትርጉም በእንግሊዝኛ ከነአራት ነጥቡ ሸምድጄ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያሸመደደኝ ግን የቄስ ትምህርት ቤት አይደለም። በማልሰማው ቋንቋ መማሬ ነው። በማይሰማው ቋንቋ የሚማር ልጅ ከመሸምደድ ሌላ ምን ያድርግ? ስለዚህ ነገር ባለሙያው ትንፍሽ አላሉም።

በቀቀን ማየት ያማረው ሰው ስብሰባ ይግባ። «ክፍተቶች ተስተውለዋል»። «ከዚህ አንጻር»። «አቅጣጫ ተቀምጧል»። «በትኩረት ይሠራል»። ይህን ማን አለንጋ ይዞ አስቀጸላቸው? ወይም የሆነ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ሄዳችሁ ጉዳያችሁን ጠይቁ። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ»። ነገም ያው ነው። አያቴ ቢያንስ የሚደግሙትን ያምኑበት ነበር።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልመለስ። አወያዩ በመጨረሻ «ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?» አለ። ባለሙያው ተስተካክለው ተቀመጡ። «ክሪቲካል ቲንኪንግ ላይ በትኩረት መሥራት ይኖርብናል። ከዚህ አንጻር አቅጣጫ ተቀምጧል፤ የተጀመረውም ተጠናክሮ ይቀጥላል።»

እናቴ በረካውን እየቀዳች ቀና አለች።

«ይሄ ነገር ድጋሚ ነው እንዴ?»