ለትልቁ ሞልቶ ለትንሹ የጠፋ

ድሬዳዋ ላይ መጽሐፍ የሚጠቁምህ ሰው ርዕሱን ብቻ ነግሮህ አይተውህም። ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ሥር ሻይ ይዞ፣ «አቦ፣ ኦሮማይን ሳታነብ ነው አገር የለቀቅከው?» ብሎ ይጀምራል። ጋዜጠኛው ፀጋዬን አስመራ ያስገባዋል፣ ከፊያሜታ ጋር ያገናኘዋል፣ ልክ ነገሩ ሲጦዝ ዝም ይላል። «ሌላውን ራስህ አንብበው!» ከጎን ያለው ደግሞ ጣልቃ ይገባል፦ «መጀመሪያ ከአድማስ ባሻገርን ያንብብ እንጂ!» ሁለቱም የበዓሉ ግርማ ናቸው። ክርክሩ ግን ሁለት ቡድን የተጋጠመ ያስመስለዋል።

እኔ በምኖርበት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው መጽሐፍ ሲጠቁም ሊንክ ይልካል። ከጎኑ ስንት ኮከብ እንዳገኘ ተጽፏል። በቃ። ታሪኩን ልተርክ ብትል ጆሮውን የሚይዝ አለ።

ለልጆች ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን እንኳ የራሱ መጽሐፍ አለው። ቢያኝከው እንዳይቀደድ ገጹ ወፍራም ካርቶን ነው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ልጅህ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ባቡር ይወድ ወይ ዳይኖሰር ጠይቃ እቅፍ ሙሉ ታሸክምሃለች። ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1995 በትውልድ አካባቢዋ ቴነሲ የጀመረችው ፕሮግራም አለ። ከተወለዱ ጀምሮ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ለልጆች በየወሩ አንድ መጽሐፍ በነፃ በፖስታ ይልካል።

ከዚራ ላይ «ለስድስት ዓመት ልጅስ ምን ትላላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ እነዚያ አፈኞች ጭጭ አሉ። በመጨረሻ አንዱ «የአንደኛ ክፍል አማርኛ» አለ። እየቀለደ አልነበረም። ልጅና መጽሐፍ ሲባል የሚታየን የቤት ሥራ ነው። ለልጆች የሚታተመው ተረት ራሱ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ይላል። ልጁ ስቆ ሳይጨርስ ፈተና!

እኔ ለልጅ የምጠቁመው የሚያስቀውን ነው። ሞኙ ማሞን ፈልጉ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳንፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠራ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጣ ራሱ ያዘጋጀው ነው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው አብረው ታትመዋል። ዮሐንስ ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። እሱን የመሰለ ለድሬም ለሐረርም ቢኖር ብዬ ቀናሁ።

ከፍ ላለ ልጅ የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ አለ። ምክር ይበዛዋል፣ አልክድም። ግን ግጥሙ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡት ይጥማል፤ ምክሩን ልጁ ሳያውቀው ይውጠዋል። ብቻውን እንዲያነበው አትስጡት። አንብቡለት።

አዋቂዎቹስ? ፍቅር እስከ መቃብር ከታተመ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ አመስግኖት፣ ስንቱ ደግሞ ውፍረቱን ፈርቶ እንደተወው! ለፈሪዎቹ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን እጠቁማለሁ። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አላችሁ፦ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ የታገደው ኦሮማይ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። አማርኛ ለማያነብ ጎረቤታችሁ፣ ወይም እዚያው ላደገው ልጃችሁ ስጡት።

ድሬ ጊዜ አላጣችም። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ትልልቁ ሰው ጫት ይዞ በርጫው ላይ ይሰየማል፣ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይሰላቻሉ። ፀጋዬን አስመራ ድረስ የሚያደርስ አፍ ማሞን እናቱ ጋ ለማድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።

ከውጭ ለምንመጣው ለእኛ ለሻንጣ ጫኞቹም ትችት አለኝ። የምናመጣው የልጆች መጽሐፍ ስለ በረዶ ሰውና ስለ ገና አባት ነው። ይነበብ፣ አልጠላም። ግን ባጃጅና ግመል በአንድ መንገድ የሚያይ ልጅ፣ ሐረር ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ከግንቡ ውጪ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ የሚያይ ልጅ፣ የራሱን ሰፈርም በሥዕል ማየት አለበት። ቸኮሌቱን ቀንሳችሁ አዲስ አበባ ስታልፉ መጽሐፍ መደብር ግቡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቤቱ ውስጥ በምን እንደሚወራ ጠይቁ። ድሬ ላይ በአንድ ግቢ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም፣ አማርኛም ይሰማል። አንዷን ጎረቤት ለልጇ በየትኛው ቋንቋ ላምጣላት ብዬ ብጠይቃት፣ «ያገኘኸውን ሁሉ አምጣ አቦ፤ እሷ በሦስቱም ነው የምትሳደበው» አለችኝ።