ከረጢቱ አየር ላይ አይፈነዳም

ሰሞኑን በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረበ እንግዳ የተናገረው አንገብግቦኛል። ኮሎስቶሚ የተሠራላቸው፣ ማለትም ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና በሆዳቸው በኩል የተከፈተላቸውና ሰገራው እንዲጠራቀም ሆዳቸው ላይ ከረጢት የሚለጥፉ ሰዎች አውሮፕላን ባይሳፈሩ ይሻላል አለ። ምክንያቱ? ከረጢቱ አየር ላይ ይፈነዳል። ግድ ከሆነባቸው ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ ባይቀምሱ ጥሩ ነው ብሎ ጨመረበት። አዘጋጁም አመስግኖ ሸኘው።

ከፍ በተባለ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ጋዝም ያብጣል፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ግን እኮ እንደ ውጪው አይደለም። ግፊቱ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ይያዛል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከረጢቱን ለጥፎ ታክሲ የሚጋፋው፣ ቅዳሴ የሚቆመው፣ የሚተኛው በዚሁ ግፊት ነው። እንጦጦ ጸበል ከሄደማ ከአውሮፕላኑም በላይ ወጥቷል፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የማን ከረጢት ፈነዳ? ድሪምላይነር የሚባለው የቦይንግ 787 አውሮፕላን ደግሞ ውስጡን ከ1,800 ሜትር ገደማ አያሳልፈውም። በእሱ ከቦሌ የተነሳ ሰው ከቤቱ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ታዲያ ምን ሊያፈነዳው ነው?

ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ከማይሉት ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ ለሚነሳ ሰው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጋዝ ያብጣል፣ እሺ። ቢበዛ በሲሶ ገደማ ነው። ከመሳፈር በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ባዶ ማድረግ ነው፤ በቃ።

ጾሙ ይባስ። ባዶ ሆድ ጋዝ ያበዛል። ከትንሹ አንጀት የተከፈተለት ሰው ደግሞ ውሃና ጨው ቶሎ ያልቅበታል። እሱን አትጠጣ ማለት በሽታ መጋበዝ ነው።

መነገር የነበረበት ሌላ ነው። ከረጢቱ ከሚያስፈልገው እጥፍ ሆኖ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። እዚህ አገር እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ሻንጣው ሌላ አገር ቢቀር ምን ሊለጥፉ ነው? ቆዳ ላይ የሚጣበቀው የከረጢቱ ክፍልም በቀዳዳው ልክ ቤት ተቆርጦ ይዘጋጅ። ከረጢት የምትለጥፈው እህቴ ልኩን በእስክሪብቶ አስምራ ትቆርጠዋለች፤ ጠርዙ እንዳይቧጥጣት በጣቷ እያሸች ታለሰልሰዋለች። ፍተሻ ላይ መቀሷን ከወሰዱባት ይህን የት ትሠራዋለች?

ይቺው እህቴ በአንድ አየር ማረፊያ ሰልፈኛ ፊት ቀሚስሽን ግለጪ ተብላለች። እንግዳው ስለዚህ ቃል አልተነፈሰም። አሜሪካ ውስጥ ደንቡ ግልጽ ነው፦ መንገደኛው ከረጢቱን እንዲያሳይም እንዲያራግፍም አይገደድም። ተጨማሪ ፍተሻ ካስፈለገ ብዙውን ጊዜ መንገደኛው ራሱ ከረጢቱን በልብሱ ላይ ይዳብሰዋል፤ ከዚያ እጁ ላይ የፈንጂ ቅንጣት ይፈለጋል። ለብቻ ክፍል የመጠየቅ መብትም አለው። ይህን ለየትኛውም ፈታሽ ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል።

ያንን ፕሮግራም ሰምቶ ልጆቹን ለማየት የቆረጠውን ትኬት የሰረዘ አባት እንደሚኖር አልጠራጠርም። ጣቢያው ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ወይም ነርስ ይጥራና በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት ያርመው።