ለሀብታሙ ስም፣ ለድሃው ቁጥር

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕንፃ ፎቶ ሳይ ቶሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ “ማን ከፍሎ አስነሳው?” የሚል ነው። መልሱን ለማየት ከግላስጎው የተሻለ ቦታ አላውቅም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቶማስ አናን የዚያች የስኮትላንድ ከተማ ፎቶ አንሺ ነበር። በ1870 የአካባቢውን ባለጸጋ ቤተሰቦች መኖሪያ የሚያሳይ፣ የእሱ 100 ፎቶዎች ያሉበት መጽሐፍ ታተመ። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሀብታቸውን ያካበቱት ባሪያዎች በሚያመርቱት ትምባሆና ስኳር ንግድ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ሰፊ መስክ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ብርሃን አለ። ከእያንዳንዱ ቤት ጋር ደግሞ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደወረሰው፣ ለማን እንደተሸጠ ተጽፏል።

በእነዚያው ዓመታት፣ ከ1868 እስከ 1871፣ ይኸው ሰው መሃል ከተማ ገብቶ የድሆችን ጉራንጉር ያነሳ ነበር። ያዘዘው በ1866 በወጣ ሕግ የተጎሳቆሉ ሰፈሮችን ገዝቶ እንዲያፈርስ የተቋቋመው የከተማው አካል ነው። እዚህ ካሜራው ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ እንኳን የለውም። ግድግዳና ግድግዳ ሊነካካ ምንም አልቀረው፣ ከላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ጥግ ላይ ሴቶችና ልጆች ቆመው ያዩናል። ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ? “ሃይ ስትሪት ቁጥር 118።” በቃ።

ይሄ የሚገርም አይደለም፣ ምክንያቱም በዚያ ሰፈር ሰው ድሮም በቁጥር ነበር የሚታወቀው፦ ከ1862 ጀምሮ በትንንሽ ቤቶች በር ላይ ስንት ሰው ማደር እንደሚችል የሚገልጽ የቆርቆሮ ምልክት ይለጠፍ ነበር፣ ተቆጣጣሪዎችም ሌሊት እየመጡ የተኛውን ሰው ይቆጥሩ ነበር።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ብዥ ብሏል። የዘመኑ ካሜራ የተንቀሳቀሰን ሰው አይዝም። ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዳጌር በ1838 ፓሪስ ላይ ያነሳውን የቡሌቫር ዱ ታምፕል ጎዳና ፎቶ አስታውሱ፦ መንገደኛው ሁሉ ጠፍቶ ጫማውን የሚያስጠርገው ሰውዬ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ሊስትሮው ግን እጁ ሥራ ላይ ስለነበረ ደብዝዟል።

የአናን የጉራንጉር ፎቶዎች ዛሬ ለድሃ ከመራራት እንደተነሱ ተደርገው ሲቀርቡ ትንሽ ይከነክነኛል። ሰውየው ራርቶ ሊሆን ይችላል፣ ልቡን አላየሁም። ትእዛዙ ግን ለማፍረስ የታሰበን ሰፈር መዝግብ ነው። ያ አካል ደግሞ ለማፍረስ እንጂ ለተፈናቀለው ቤት ለመሥራት አልቸኮለም፤ ብዙው ሰው አጠገብ ወዳሉት፣ ቀድሞም ወደተጨናነቁት ሰፈሮች ገባ።

ለኔ ቢተው ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ ማሳየት ይቀር ነበር። ጎን ለጎን ይሰቀሉ፣ ከሥራቸው ያለው ጽሑፍም እንደነበረ ይነበብ።