ከአዲስ የመጣ ነው

ጅማ ውስጥ አንድ ምግብ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት 350 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። አዲስ አበባ ተጭኖ፣ በወሊሶ አልፎ፣ ጊቤን ተሻግሮ የመጣ ነገር ክብር አለው። ከጓሮ የተቆረጠውን ግን ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው።

ይህን ወጋችንን ከልቤ ነው የማደንቀው። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ «የጅማን ምግብ አብላኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። ደግነቱ እንግዳ አያያዝ አውቃለሁ፤ ቀጥታ ፒዛ ቤት ወሰድኩት። የሚጠጣም አዘዝኩለት፣ በካርቶን የታሸገ የማንጎ ጁስ። ከመስኮቱ ማዶ አንዲት ሴት አቮካዶና ሙዝ ቆልላ ትሸጣለች። እሱ አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ ሴትዮዋን ያያል። «ጁሱ የየት ነው?» ብሎ አስተናጋጁን ጠየቀው።

«ከአዲስ የመጣ ነው!» አለ አስተናጋጁ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ከምሳ በኋላ ቡና አማረው። «ማኪያቶ ይሻልሃል» አልኩት። ቡና እኮ እዚህ ማንም በግቢው ያለው ነገር ነው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ስንት የቡና ዝርያ አውጥቷል። 74110 የሚባለውን ቡና የሚቆሉ ፈረንጆች በቁጥሩ ነው የሚጠሩት፤ 74ቱ የተመረጠበት ዘመን ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። እኛ በቃላችን የምንይዘው ቁጥር የካፌውን ዋይፋይ ፓስወርድ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጁ ጠፋብኝ። ብፈልግ ብፈልግ እዚሁ ጅማ መርካቶ ተገኘ። ሐሙስ እኮ የገበያ ቀን ነው። ያ የድሮው ሂርማታ፣ በአባ ጅፋር ዘመን ነጋዴው ከየአገሩ የሚጎርፍበት። እኛ ጨዋዎቹ ሐሙስ መሆኑን የምናውቀው መንገዱ ሲጨናነቅ ነው። እሱ ግን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተጎልቶ፣ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በማር እያጣቀሰ ይበላል። አጠገቡ ቡና ቀላ ተቀምጧል፣ ከነገለፈቱ በቅቤ የበሰለው ቡና።

«አንተ፣ ይሄን ለምን ደበቅኸኝ?» አለኝ፣ አፉ እንደሞላ።

ቡና የሚያፈሉት እናት ሳቁ። «ተወው ልጄ፣ አትፍረድበት። እሱ የዚህ አገር ሰው ነው፤ የት ያውቀዋል?»

(በርጩማው ነገር ራሱ ይገርማል። የጅማ በርጩማ አዲስ አበባ ሄዶ የሆቴል ጌጥ ሆኗል። እኔ ቤት የሚቀመጡት ከአዲስ በመጣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ዕዳ የለብንም፣ ተለዋውጠናል።)

ሲሄድ ባዶ እጁን አልሸኘሁትም። ማሩንና ቅቤውን ከገበያ እንግዛ ቢለኝም፣ ዘመድ አይዋረድም ብዬ ሱፐርማርኬት ይዤው ገባሁ። የተፈጨ ቡና ገዛሁለት፣ ጀበና የተሳለበት፣ አዲስ አበባ የታሸገ። እዚህ ተለቀመ፣ እዚያ ሄዶ ተቆላ፣ ታሽጎ ተመለሰ፣ አሁን ደግሞ ከልጁ ጋር ሊሄድ ነው። ከእኔ በላይ አገር ያየ ቡና።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሰው እጅ ዕቃ ላከልኝ። አንድ ጠርሙስ ማር። «ንጹሕ የጅማ ማር» የሚል ተለጥፎበታል። የተገዛው ቦሌ ነው።

አልከፈትኩትም። ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ፊት አቁሜዋለሁ። እንግዳ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

«ከአዲስ የመጣ ነው።»