ከዶዘሩ በፊት ያፈረስነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ለባለሥልጣን የሚጻፍ ደብዳቤም አለ፤ እርሱ ሌላ ቀን ይጻፋል። ዛሬ ጣቴን የምቀስረው ወደ እናንተና ወደ ራሴ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ዶሮ ማነቂያ ሜዳ ሲሆን፣ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ወጣን። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሲሆን ደግሞ ወጣን። ፎቶ አነሣን፣ አለቀስን፣ «ታሪካችን ጠፋ» አልን። ልቅሶው እውነተኛ ነበር፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ በር ሺህ ጊዜ ስታልፉ፣ ቤቱን ማን እንዳሠራው፣ ግንበኛው ከየት እንደመጣ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ክዳኑ ሲያፈስ አይታችሁ ለአንድ ሰው ተናግራችኋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉን ምን እንመልሳለን?

ሰፈር የምንለው ቃል ራሱ ይመሰክርብናል። ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ማለት ነው። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በተለይም ከዓድዋ ድል ወዲህ ስትሰፋ፣ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ቦታ እየተሰጣቸው ሰፈሩ። ከፍ ካለው ቦታ የጌታው ግቢ፣ ዙሪያውን የወታደሩና የባለ እጁ ጎጆ። ስለዚህ ነው ዛሬም ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንለው። ሸጎሌ ስንል የአሶሳውን ገዥ የሼህ ሆጀሌን ስም እየጠራን ነው። ካዛንቺስ ስንል ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ያሠራበትን ድርጅት እየጠራን ነው። የታክሲ ረዳቱ እነዚህን ስሞች በቀን መቶ ጊዜ ይጮኻቸዋል። ስሙ በአፋችን ሲኖር፣ ስሙን የሰጠው ቤት ግን ከዓይናችን ሥር ሲወድቅ ዝም አልን።

ያደግሁበትን ሰፈር ስሙን አልናገርም፤ ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ታዩበታላችሁ። በሰፈራችን አንድ ትልቅ ቤት ነበር። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ ዙሪያውን በረንዳ የከበበው። የክዳኑ ጠርዝ እንደ ነጠላ ጥለት በተፈለፈለ እንጨት የተከፈፈ ነበር። የሕንድና የአርመን ባለ እጆች ከእኛ ግንበኞችና አናጢዎች ጋር በሠሩበት በዚያ ዘመን ይህ ዓይነት ሥራ በከተማችን ብዙ ነበር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ በኋላ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፤ ሰባት አባወራ ገባበት። በረንዳው በቆርቆሮ ተከልሎ ማድ ቤት ሆነ። አዳራሹ በኮምፔርሳቶ ለሦስት ተከፈለ። ይህን ሁሉ አልፈርድበትም፤ ቤት ያጣ ሰው ማደሪያ ማግኘት ነበረበት።

የምፈርድበት ሌላ ነገር አለ። ከክዳኑ ጠርዝ የነበረው አሸንዳ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፈነ። ቅጠሉን ለመጥረግ አንድ መሰላልና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃ ነበር። ሰባቱም አባወራ በየክረምቱ ውሃው በቤቱ ማዕዘን ላይ ሲወርድ ያዩታል፤ ሁሉም «የቀበሌ ቤት ነው፣ ቀበሌው ይጠግነው» ይላሉ። ቀበሌው በበኩሉ በጀት የለኝም ይላል። የሚሰበሰበው ኪራይ የጥቂት ብር ነበርና ለምስማር መግዣም አይበቃም። እንዲህ እየተባለ ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ማዕዘኑ ሆዱን ነፋ፤ ልስኑም ረገፈ። በመጨረሻ አንድ ግንበኛ ተጠራና በሲሚንቶ ለሰነው። ሁላችንም «ጎበዝ፣ አሁን ጠነከረ» አልን። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ እርጥበቱን በልስኑ በኩል ያወጣል። ኖራ ያሳልፍለታል፤ ሲሚንቶ ግን ይዘጋበታል። ከላይ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ አሟሟው። በሁለተኛው ክረምት ማዕዘኑ በሌሊት ወረደ። ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያ የተፈለፈለ እንጨትስ? በፋሲካ ዋዜማ እኛ የሰፈሩ ልጆች እየገነጠልን ለየእናቶቻችን ወሰድንላቸው። ደረቅ ስለ ነበር ጥሩ ይነድዳል። የዶሮ ወጡ ድስት ከላዩ ሲንተከተክ፣ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ባለ እጅ በመጋዝና በመሮ ቀናት የፈጀበት አበባ ጫፉ እየጠቆረ ሲታጠፍ አይቻለሁ። በእጄ ወርውሬዋለሁ። የሚከለክለኝ አንድም ትልቅ ሰው በግቢው አልነበረም። ዛሬ የዚያን ጥለት ቅርጽ በወረቀት ላይ ልሥለው ብሞክር ግማሹ ጠፍቶብኛል።

ዶዘር በዚያ ሰፈር የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። ሲገባ ያገኘው ፍርስራሽ ነበር። «ይህ ቤት አይረባም» ያለው መሐንዲስ ውሸት አልተናገረም፤ የማይረባ ያደረግነው እኛ ነበርን።

«ቅርስ ይጠበቅ የምትሉት ሽንት ቤት ለሃያ ቤተሰብ ተጋርታችሁ ስላልኖራችሁ ነው» የምትሉኝ ወገኖቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኖሬበታለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር በአልጋው ዙሪያ ባልዲ የሚደረድር ሰው «ቤቴ ቅርስ ነው» ቢባል አይሞቀውም፤ ሊሞቀውም አይገባም። ማንም ሰው ለእኔ ትዝታ ሲል በፍሳሽ ላይ ይተኛ አልልም። ቤቱና ችግሩ ግን አንድ አይደሉም። ውሃና ሽንት ቤት ሊገባበት፣ የተጨናነቀው ሰው ሌላ ማረፊያ ሊሰጠው፣ ክዳኑ ሊለወጥ ይችላል። መፍረስ የሚገባው የቆርቆሮ ቅጥያ ነበር፤ እኛ ግን ቅጥያውንና ዋናውን መለየት አቃተን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ከእኛ ትሻላለች፤ የብብቷ መውደቁን ቢያንስ አውቃዋለች።

ሌላም ክፉ አመል አለን። «ጭቃ ቤት» የሚለውን ስድብ አድርገነዋል። መስታወት የለበሰ ሕንፃ ስናይ ሥልጣኔ፣ የጭቃ ግድግዳ ስናይ ኋላ ቀርነት ይመስለናል። ልጆቻችንንም ያንኑ አስተማርን። ያ የጭቃ ቤት ግን ማገሩና ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ይህችን ከተማ ባለችበት ያቆማት ዛፍ ነው። ማገዶ ጠፍቶ ዳግማዊ ምኒልክ መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሯት ተዘጋጅተው ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ችግኝ ደርሶ አዳናት። ስለዚህ በአንድ ተራ ወታደር ቤት ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ወጋግራ የከተማችን የመቆየት ታሪክ ነው። የራስና የደጃዝማች ቤት ብቻ ነው ቅርስ ያለ ማነው? ከዓድዋ ተመልሶ ጭቃ ያቦካው ሰው በየካቲት 23 ይዘፈንለታል፤ ቤቱ ግን ያሳፍረናል።

ቤት በትልቅ ሰው እጅ ሲገባ ብቻ ይተርፋል የምትሉም ተሳስታችኋል። የሚያተርፈው አገልግሎት ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ መስቀል አደባባይ አጠገብ ዛሬም ቆሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. በጥር ወር እሳት በላው፤ ሆኖም ታድሶ እንደገና በሩን ከፈተ፤ በረንዳው ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው ነበረውና። ሰው የሚገባበት ቤት ሲያፈስ የሚያይለት ዓይን አለው። የተዘጋ ቤትን ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ምስጥ ነው።

እናንተ ወራሾች ሆይ፣ ለእናንተ ለብቻችሁ የምለው አለ። በፍርድ ቤት የተካሰሳችሁበት የአባታችሁ ቤት በአሥር ዓመት ሙግት ውስጥ ክዳኑ ተገለበ። ማን እንደሚወስደው ሳይለይ ማን እንደሚጠግነው አይታወቅምና። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል፤ ለማደስም ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ያዛል። ስንቶቻችሁ አንብባችሁታል? ደላላው ዋጋውን ሲጠራላችሁ ግን ሁላችሁም በአንድ ቀን ተስማማችሁ። ገንዘቡ ያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ እርሱን አልነካም። ነገር ግን ከመሸጣችሁ በፊት በየክፍሉ ገብታችሁ ፎቶ ማንሣት፣ የድሮውን ውልና ካርታ ቅጂ ማስቀረት፣ አያታችሁ ቤቱ ሲሠራ ያዩትን ተቀምጦ መቅዳት ስንት ብር ያስወጣል?

ሰፈር ግን ግንብ ብቻ አይደለም። ሰው ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ከተማ ዳር ሲሄድ እድሩ ይበተናል፤ ድንኳኑና ወንበሩ የት እንደሚቀመጥ ይጨንቃል፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁለት ታክሲ ይይዛል። ይህን የሚያውቅ እድር ስለ ቤቱም ሊያስብ ይገባው ነበር። ቀባሪ ማኅበር አድርገን ብቻ አቆየነው።

አሁን በየሰፈሩ የቀረ አለ። ሁሉም አልፈረሰም። በሚመጣው የእድር ስብሰባ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ካሰማ በኋላ አንድ ጉዳይ ጨምሩ፦ በሰፈራችን ያለው የድሮ ቤት የትኛው ነው? ማን አሠራው? ሰነዱ በማን እጅ ነው? አንድ ጎልማሳ በደብተር ይጻፈው፤ ሁለት ወጣት ሄደው ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያ ሦስት ሰው ሆናችሁ ለቅርስ ባለሥልጣን አመልክቱ፤ ማመልከቻው የተቀበሉበትን ቁጥር ሳትይዙ አትመለሱ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት በዕድሜ የገፉት እናቶች ናቸው። ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጡና «እማማ፣ ይህ ቤት ሲሠራ ያስታውሳሉ?» በሏቸው። ዛሬ ካልጠየቃችኋቸው በሚመጣው ዓመት ላታገኟቸው ትችላላችሁ።

ግንቦት ሳያልቅ ደግሞ አሸንዳውን ጥረጉ። መሰላል ያለው ጎረቤት አይጠፋም።