ማስተካከያ፦ ቅጣት ቀረ ማለት መጽሐፉ ቀረላችሁ ማለት አይደለም

እዚህ ሲያትል ከሰው ሰው የሚዞር ወሬ አለ። የከተማው ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅጣት ስላስቀረ የተዋሱትን ባይመልሱም ጠያቂ የለም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ነዋሪው በኦገስት 2019 ለቤተ መጻሕፍቱ የሚውለውን የንብረት ግብር በድምፁ አጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 2 ቀን 2020 ጀምሮም በየቀኑ የሚቆጠረው የማዘግየት ቅጣት ቀረ፣ የቆየው ውዝፍም አብሮ ተሰረዘ። ስለዚህ ያኔ ቅጣት ፈርታችሁ ካርዳችሁን መሳቢያ ውስጥ የወረወራችሁ፣ አውጡት። የአማርኛ መጻሕፍትም አሉ።

የተሳሳተው ሌላው ግማሽ ነው። መጽሐፍ የሚሰጠው ለ21 ቀን ነው፤ ወረፋ የያዘበት ሰው ከሌለ ይራዘማል። መመለሻው ካለፈ በኋላ 14 ቀን ከቆየ ካርዱ ይታገዳል፤ 31 ቀን ሲሞላው ደግሞ እንደጠፋ ተቆጥሮ ዋጋውን ትጠየቃላችሁ። ልጆች ያሏችሁ በተለይ ልብ በሉ፤ የሥዕል መጽሐፍ ቀጭን ስለሆነ ሶፋ ሥር ይገባና እዚያው ይረሳል። ካገኛችሁት ግን ሳታፍሩ መልሱት፣ ዋጋው ይነሳላችኋል። የተዋሳችሁበት ቅርንጫፍ ድረስ መሄድም የለባችሁም፤ ማንኛውም የሲያትል ቅርንጫፍ ይቀበላል። በስልክ የምታነቡት ኢ-ቡክ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ስለሚመለስ እሱ አያሳስባችሁ።

ደግሞ የኪንግ ካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ራሱን የቻለ ሌላ ተቋም ነው። ሬንተን ወይም ቤልቪው የተዋሳችሁትን ሲያትል መመለሻ ሳጥን ውስጥ እንዳትከቱት።